ዓይንና የሌዘር ጨረር

ያለ መነጽር የወዳጁን ፊት ከሩቅ የማይለይ ሰው ዓይኑን በሌዘር ጨረር ለማስታከም ሲያስብ የዘዴዎቹን ልዩነት ማወቅ ይገባዋል።

ኮርኒያ የተባለውን ብርሃን አሳላፊ የዓይን ገጽ ቀርፆ እይታን የማስተካከልን ሐሳብ ስፔናዊው ሐኪም ሆዜ ባራኬር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ገለጡ። በ1988 አሜሪካዊቷ ሐኪም ማርጌሪት ማክዶናልድ የኮርኒያውን ስስ ልባስ አንሥተው ገጹን በሌዘር ቀረፁ፤ ይህ ፒ.አር.ኬ. ይባላል። በ1989 ደግሞ የግሪኩ ሐኪም ዮአኒስ ፓሊካሪስ ገጹን እንደ ክዳን ከፍተው፥ ከሥሩ በሌዘር ቀርፀው መልሰው ከደኑት፤ ይህም ላሲክ ነው።

የፊተኛው ሕመም አለበት፥ ለመዳንም ይዘገያል፤ በኋለኛው ግን ታካሚው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ አጥርቶ ያያል። ሆኖም ጕድለቱ በበረታ መጠን ከኮርኒያው የሚቀረፈው ይበዛል፤ እጅግ የሳሳም ኮርኒያ ወደ ፊት ተወጥሮ እይታን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ጕድለቱ ለጸናበት ሰው ኮርኒያውን ሳያሳሱ በዓይኑ ውስጥ ስስ ሌንስ ማኖር የሚሻልበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ፈጣኑን ዘዴ ከመምረጥ አስቀድሞ የኮርኒያን ውፍረት ማስለካት የብልህ ሰው ተግባር ነው።