የወይዘሮ ክላራ ብራውን የትውልድ ሐረግ

በአገራችን የሰው ትውልድ ሲቈጠር የሚጀመረው ከአባት ስም ነው። በአሜሪካ ከኮሎራዶ ቀደምት ሰፋሪዎች አንዷ ለነበሩት ለወይዘሮ ክላራ ብራውን ግን ይህ መንገድ አያገለግልም፤ «ብራውን» የመጨረሻው ጌታቸው ስም ነውና።

ወይዘሮ ክላራ በ1800 ገደማ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በቨርጂኒያ በባርነት ተወለዱ። በ1835 በኬንታኪ ጌታቸው ሲሞት እርሳቸው፣ ባላቸውና ልጆቻቸው ለየብቻ ተሸጡ። በ1850 እና በ1860 የተደረገው የባሮች ቈጠራም በጠቅላላው የጌታውን ስም እንጂ የባሪያውን አይጽፍም፤ የባሪያው ድርሻ በአብዛኛው ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ነው። ስለዚህ ተመራማሪው የባሪያውን ዘመድ የሚፈልገው ከጌቶች የውርስና የሽያጭ መዝገብ፣ ከከብቱና ከዕቃው ዝርዝር መካከል ነው።

ከመዝገቡ ሁሉ ይልቅ የሚበልጠው ምስክር ግን የሴትዮዋ የራሳቸው ፍለጋ ይመስለኛል። ነጻ ከወጡ በኋላ በ1859 ወደ ኮሎራዶ ሄደው፣ በሴንትራል ሲቲ የወርቅ ቈፋሪዎችን ልብስ እያጠቡ ገንዘብ አጠራቀሙ። የእርስ በርሱ ጦርነት ሲያበቃ ልጃቸውን ኤላይዛ ጄንን ፍለጋ ኬንታኪ ተመለሱ፤ እርሷን አጡ፤ ነጻ የወጡ ሌሎች ሰዎችን ግን ይዘው መጡ። ልጅቱን ያገኟት በ1882 በአዮዋ፣ በካውንስል ብላፍስ ነው፤ ከተለያዩ 47 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወይዘሮ ክላራ ከዚያ ወዲህ የኖሩት ሦስት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በ1885 በዴንቨር ዐረፉ።