አንድ መስመር ጽሑፍ

በነቀምቴ ኖረው በ1931 (እ.ኤ.አ.) ያረፉትን ኦኔሲሞስ ነሲብን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከረዳቶቻቸው ጋር የተረጎሙ አባት ናቸው። ልደታቸውን ስንፈልግ ግን ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ፣ 1856 ገደማ ይባላል እንጂ ቀኑ አይገኝም። በልጅነታቸው ተሽጠው ከወገን ተለዩ፤ ማን ይጻፍላቸው? በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው ስዊድን ሚሲዮን ከገቡ በኋላ ግን የጥምቀታቸው ቀን እንኳ ይታወቃል፤ የ1872 ፋሲካ ነው።

እንግዲህ ሰውን ከመረሳት የሚያድነው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የእድራችን መዝገብም መዋጮና ቀሪ ብቻ የሚጻፍበት አይሁን። እስቲ እያንዳንዳችን የአባት የአያታችንን ስምና የተወለዱበትን ቀዬ ለጸሐፊው እናስመዝግብ። ነገ የልጅ ልጅ «አያቴ ማን ነበሩ?» ሲል መልስ አይጣ።