የልብ እርሻ
(የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ጌታችን የዘሪውን ምሳሌ ባስተማረ ጊዜ ዘሪው አንድ፣ ዘሩም አንድ ሲኾን፣ ዘሩ የወደቀበት ስፍራ ግን አራት ዐይነት እንደ ኾነ ተናገረ። መምህራን ሲተረጕሙት ዘሩን ቃለ እግዚአብሔር፣ መሬቱን ልቡና ይሉታል። እንግዲህ ፍሬ መታጣቱ ከዘሩ አይደለም፤ ከመሬቱ አለመሰናዳት ነው እንጂ። ለዚህ ነገር የዋጃ ሜዳና የሐይቅ ገዳም ታሪክ ምስክሮች ናቸውና በጥቂቱ እንጽፋለን።

ዋጃ በራያ ቆላ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል ያለ አገር ነው። በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታዩታል። በሜዳው የሚዘንበው ዝናም ብዙ ጊዜ ለእህሉ አይበቃም፤ ስለዚህ ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ያበቅላል። ጎርፉ ግን ቀን ቀጥሮ አይመጣም። ሰማዩ በቆላው ጠርቶ ሳለ በደጋው ይዘንብና ጎርፉ በሌሊት ደርሶ ያልፋል። ቦዩን አስቀድሞ የጠረገ፣ እርሻውን ገምሶ የደገመ፣ ዳሩን በክትር ያጠረ ሰው ውሃውንም፣ ውሃው ያመጣውንም ደለል በማሳው ያስቀራል። ሳይሰናዳ የቈየው ግን የጎርፉን ድምፅ ሰምቶ ዶማ ቢያነሣ አይደርስም፤ ያው ውሃ አፈሩን ጠርጎ ማሳውን ቦረቦር ያደርግበታል። ውሃው አንድ ሲኾን ለአንዱ እንጀራ፣ ለአንዱ ጥፋት ኾነ። ቅዱስ ጳውሎስም በአንደኛው የቆሮንቶስ መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ ስለ ሥጋ ወደሙ የጻፈው እንደዚሁ ነው። ራሱን መርምሮ ለሚቀበል ሕይወት የኾነው ቅዱስ ምሥጢር፣ ሳይገባው ለሚቀበል ፍርድ ይኾንበታል።

አበው ይህን ዐውቀው ከማስተማር አስቀድሞ መሰናዳትን መረጡ። ከዋጃ ወደ ደቡብ፣ በወሎ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የገዳሙ አባት አባ ኢየሱስ ሞአ በ1206 ዓ.ም. ግድም በዳኅና ተወለዱ። ወደ ደብረ ዳሞ ሄደውም በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀመጡ። ደብረ ዳሞ አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት፣ በገመድ ካልኾነ የማይወጣ አምባ ነው። በዚያ የፈጸሙት ሥራ መታዘዝ፣ መጾምና መጻሕፍትን መጻፍ ነበረ፤ መምህር ተብለው የተቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1240 ዓ.ም. ግድም ወደ ሐይቅ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳቸው በፊት የነበረ ነው፤ እሳቸው ግን የመነኮሳት ማኅበርና የመጻሕፍት ትምህርት ቤት አደረጉት። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈውና ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል። በ1286 ዓ.ም. ግድም ዐረፉ፤ በዓላቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አባ ኂሩተ አምላክ በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ።

ከኹሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነገር ነው። እሳቸው ወደ ሐይቅ በመጡ ጊዜ ጀማሪ አልነበሩም። ገድላቸው እንደሚናገረው ቅስና ተቀብለው በሸዋና በዳሞት ወንጌልን ሰብከው ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው ያጠመቀ ካህን ነኝ ሳይሉ እንደ ሕፃን ደቀ መዝሙር ኾኑ፤ ለመምህር ታዘዙ፤ ብዙ ዓመትም ቈዩ። በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን የመሠረቱት ከዚህ በኋላ ነው። አዝመራው በሸዋ ታየ፤ እርሻው ግን በሐይቅ ታረሰ።

መጽሐፈ መነኮሳትን የተማሩ እንደሚያውቁት፣ የቅድስና ማዕረጋት ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከንጽሐ ነፍስም ወደ ንጽሐ ልቡና ይወጣሉ። መጀመሪያዎቹም ጽማዌና ልባዌ ናቸው። ጽማዌ ዝም ማለት ነው፤ አንድም ቦዩን መጥረግ ነው። ልባዌ ማስተዋል ነው፤ አንድም ማሳው የት እንደ ተበላ፣ እሾኹ የት እንደ በቀለ መርምሮ ማየት ነው። ዝም ያላለ አያስተውልም፤ ያላስተዋለም ንስሓ አይገባም።

እኔ ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ለብዙ ዓመት ተርጕሜአለሁ። ስለ እሾኹ ስናገርም ብዙ ጊዜ ሌላውን ሰው አስብ ነበር። በወጣትነቴ አንድ የትምህርት ባልንጀራዬ ቅኔዬን በማኅበር ፊት ቢያርመኝ ቂም ያዝኩበት፤ እርማቱም እውነት ነበረ። በቅዳሴ አብረን ቆምን፤ መስቀልም ተሳለምን፤ ይቅር በለኝ ማለትን ግን ለነገ እያልኩ አሳደርሁት። አንድ ቀን ማረፉን ሰማሁ። ጎርፉ በሌሊት መጥቶ አለፈ፤ እኔም ዶማዬን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በማቴዎስ 5ኛው ምዕራፍ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ይታረቅ ስለ ተባለው ሰው ባነበብኩ ቍጥር ስለ እኔ የተጻፈ ይመስለኛል።

ስለዚህ አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፣ በክህነት ያላችሁ ትርጓሜ ማወቃችሁን እንደ መሰናዳት አትቍጠሩት፤ የዘር ጐተራ የሞላለት ኹሉ እርሻው የታረሰለት አይደለምና። በሹመት ያላችሁም ለሌላው ከመፍረዳችሁ አስቀድሞ በልባችሁ ችሎት ቁሙ። ቂም ያለበት ዛሬ ወደ ባልንጀራው ይሂድ፤ የሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ይመልስ፤ ንስሓ የዘገየበት ወደ ንስሓ አባቱ ይቅረብ። ጾሙም ጸሎቱም ክትር ይኾንለታል። በዋጃ ቦይ የሚጠረገው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው።

እግዚአብሔር አምላካችን ልባችንን መልካም መሬት ያድርግልን፤ ከሠላሳ ወደ ስልሳ፣ ከስልሳ ወደ መቶ ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።