አንድ ዲግሪ በሁለት ትምህርት፤ ወይስ ሁለት ዲግሪ?

በክፍላችን ውስጥ «በዩኒቨርስቲ ሁለት ትምህርት በአንድነት እማራለሁ» የሚል ተማሪ ሁሉ ሁለት ዲግሪ የሚቀበል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሮበርት ፒል በ1808 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኦክስፎርድ በግሪክና በላቲን፥ ደግሞም በሒሳብ ተፈትኖ በሁለቱም የአንደኛነትን ማዕርግ አገኘ፤ የተቀበለው ዲግሪ ግን አንድ ነው።

በኋላ ማዳም ኩሪ የተባለችው ማሪያ ስክሎዶቭስካ ግን ሁለት ዲግሪ ነበራት። በዚያ ዘመን የዋርሶ ዩኒቨርስቲ ሴት አይቀበልም ነበርና በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና፥ ፓሪስ ሕክምና ለምትማረው እኅትዋ ገንዘብ ትልክ ነበር። ራስዋ ፓሪስ የገባችው በ1891 ነው። በ1893 በፊዚክስ ዲግሪ ፈተና አንደኛ ወጣች። ለሒሳቡ ደግሞ ሌላ ዓመት፥ ሌላ ፈተና፥ ሌላም የቤት ኪራይ ያስፈልግ ነበር። ልዩነቱ የሚከብደው፥ እንደሚመስለኝ፥ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብዋ ሲያልቅ 600 ሩብል የተማሪ ርዳታ ተሰጣትና ተመልሳ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ወጣች። ሥራ አግኝታ ገቢ ስትጀምር ያን 600 ሩብል ቆጥባ መለሰች፤ መልሺ ያላት ሰው አልነበረም።