የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብና የሒሳብ ምዘና (ጎጃም)

የንባቡ ምዘና ልጁ ከመዛኙ ፊት ለብቻው ተቀምጦ፣ ድምፅ እያሰማ እያነበበ የሚፈተንበት ዘዴ ነው። በአንድ ደቂቃ ስንት ፊደልና ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጠራል፤ ስላነበበው አጭር ታሪክም ይጠየቃል። የሒሳቡ ምዘና ቁጥር መለየትን፣ ማወዳደርን፣ መደመርና መቀነስን ይፈትሻል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የንባቡ ምዘና አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች ሲካሄድ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከምንባቡ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚህ አስደንጋጭ ውጤት በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ።

ፊደሉ ለልጁ የሚቀርበው ከተራው ተዘበራርቆ ነው፤ በዜማ የተሸመደደ ተራ እንደ ንባብ እንዳይቆጠር። ጎጃም ይህን ብልሃት ከጥንት ያውቀዋል። የቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት መምህራን ከ«ሀ ሁ» ቀጥለው ተራው የተለወጠውን «አቡጊዳ» ያስቆጥራሉ፤ ልጁ መልኩን እንጂ ተራውን ይዞ እንዳይሄድ። ተመራማሪዎች ይህን ልምድ በቅርብ ቢያጠኑት ብዙ ያተርፋሉ።

እንዲህ ያለውን ንባብ ለልጁ የሚያስተምረው ግን ቴሌቪዥን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የፕላዝማ (የቴሌቪዥን) ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ብቻ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት፣ ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ይተላለፍ ነበር። ሒሳቡ ያልገባው ተማሪ ማስቆም አይችልም ነበር። በታችኞቹ ክፍሎች ዋናው መሣሪያ እስከ ዛሬ መምህሩ ነው፤ የደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ክብደቱ ከዚህ ይመጣል።