ስለ እንቁራሪት ውለታ

በፍኖተ ሰላም ክረምት ሲገባ የላህ ወንዝ ይሞላል፥ ሜዳውም ረግረግ ይሆናል፤ ማታ ማታ የእንቁራሪት ጩኸት ሰውን ከሰው አያሰማም። በቡሬም በኩል በፈጣም ወንዝ ዳር እንዲሁ ነው። እረኞች ድንጋይ ይወረውሩባታል፤ ውሃ ቀጂዎች እንስራ ውስጥ እንዳትገባ ያባርሯታል፤ ኦሪትን ያነበበ ሰው ደግሞ በፈርዖን አገር የወረደውን የጓጉንቸር መቅሠፍት ያስባል። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ስለ ፍጥረት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፥ ላም ወተት ትሰጣለች፥ ንብ ማር ትሰጣለች፤ እንቁራሪት ለሰው ምን ሰጠች?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። መልሱ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ስላልሆነ እነሆ እዚህ ጻፍሁት፤ ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አኖርሁ።

በኢጣልያ፥ በቦሎኛ ከተማ፥ ሉዊጂ ጋልቫኒ የሚባል ሐኪም ነበረ። የሞተች እንቁራሪት እግር በአጠገቡ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲፈነጥቅ በሕይወት እንዳለ ሁሉ ሲንፈራገጥ አየ። በነሐስ ማንጠልጠያ ሰክቶ በብረት አጥር ላይ በሰቀለውም ጊዜ ያለ ብልጭታ ተንፈራገጠ። ብዙ ዓመት መርምሮ በ1791 ባወጣው ጽሑፍ «በእንስሳ አካል ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ» የሚል አሳብ አቀረበ። የአገሩ ልጅ አሌሳንድሮ ቮልታ ግን ኤሌክትሪኩ የመጣው ከሁለቱ የተለያዩ ማዕድናት ነው ብሎ ተከራከረው፤ ይህን ለማስረዳት ሲደክምም በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት ነበራቸው። እረኛው ዛሬ በኪሱ የሚይዘው የእጅ ባትሪ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ወደዚያች እግር ይደርሳል።

ደግሞ በ1921 ሥራውን ያስታወቀው ኦቶ ሎዊ አለ። ይህ ሰው በኦስትሪያ በግራጽ ከተማ ሲኖር አንድ ሌሊት በሕልሙ የምርምር አሳብ መጣለት፤ ነቅቶ በወረቀት ጫረው፤ ሲነጋ ግን የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ ተሳነው። በማግሥቱ ሌሊት ያው ሕልም ሲመለስ ዳግመኛ አልተኛም፤ ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦች ወስዶ የአንደኛውን ነርቭ ቢቀሰቅስ የልቡ ምት ዘገየ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ በሁለተኛው ልብ ላይ ቢያደርገው ያም ዘገየ። ነርቭ ልብን የሚያዝዘው ቅመም አመንጭቶ መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ሎዊም በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የራሳችን ክፍለ ዓለም የአፍሪካ እንቁራሪት ነገር ነው። ላንስሎት ሆግበን የሚባል እንግሊዛዊ በ1927 በኬፕ ታውን ለማስተማር ሄደ። በዚያ አገር ኩሬዎች ዜኖፐስ የምትባል፥ የኋላ እግሮቿ ጥፍር ያላቸው እንቁራሪት ትኖራለች። ሆግበን ከበሬ አንጎል ሥር ካለችው ዕጢ የወጣውን ቅመም ሲወጋት ዕንቁላል መጣሏን ተመለከተ፤ በ1930ም አስታወቀ። ጥቂት ቆይቶ ሂለል ሻፒሮና ሃሪ ዝዋረንስታይን የተባሉ የኬፕ ታውን ተመራማሪዎች የነፍሰ ጡር ሴት ሽንትም ይህንኑ እንደሚያደርግ አረጋገጡ።

ከዚያ በፊት የእርግዝና ምርመራ በአይጥና በጥንቸል ይደረግ ነበር፤ ውጤቱን ለማየትም እንስሳዪቱን ገድሎ ሆዷን መክፈት ያስፈልግ ነበር። እንቁራሪቷ ግን ሽንቱን ከቆዳዋ ሥር ትወጋለች፤ ሴቲቱ አርግዛ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ውላ ሳታድር ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከጥቂት ሳምንታት ዕረፍት በኋላም እንደገና ታገለግላለች። በ1960ዎቹ ያለ እንስሳ በብልቃጥ የሚደረግ ምርመራ እስኪተካት ድረስ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ሠርታለች። ወራቷን በጣቷ እየቆጠረች ስትጨነቅ የከረመች ሴት ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደ ሆነ ታውቀዋለች።

ዜኖፐስ በየቤተ ሙከራው በመለመዷ ሌላም ጥቅም ተገኘ። እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን የራሱ አስኳል በጠፋበት የእንቁራሪት ዕንቁላል ውስጥ፥ ገና ጅራቷ ካልጠፋ የእንቁራሪት ልጅ አንጀት የተወሰደ የሴል አስኳል አግብቶ ሙሉ እንቁራሪት ማብቀሉን በ1962 አሳወቀ፤ በ2012ም ከጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ይህ ሰው በልጅነቱ በሥነ ሕይወት ትምህርት ከሁሉ በታች ስለ ነበረ፥ ሳይንቲስት እሆናለሁ ማለቱ ከንቱ ምኞት ነው ብሎ መምህሩ በ1949 ጽፎበታል። ብዙ የተማሪ ካርድ የፈረምሁ ሰው ነኝና፥ ያን ወረቀት ጠብቆ ማኖሩ ደስ ይለኛል።

ውለታ ሲቆጠር ዕዳም ይቆጠር። ከኬፕ ታውን ኩሬዎች በብዙ ሺህ እየተያዘች ወደ ውጭ አገር ተላከች። በ1998 የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ገዳይ ሻጋታ መኖሩ ታወቀ። ዜኖፐስ ይህን በሽታ ተሸክማ ሳትታመም ልትኖር ስለምትችል፥ ለእርግዝና ምርመራ የተላኩት እንቁራሪቶች አሠራጭተውት ይሆናል የሚል አሳብ በ2004 ቀረበ። በ2018 የወጣ ምርምር ደግሞ ምንጩ ምሥራቅ እስያ መሆኑን አመለከተ፤ እንስሳን ከአገር ወደ አገር መነገድ በሽታውን እንዳዛመተ ግን እርሱም ይመሰክራል። በ2019 በተደረገ ግምት ከ500 በላይ የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዝርያዎች በዚህ ሻጋታ ምክንያት ቀንሰዋል፤ ከእነዚህም 90 ያህሉ ጨርሰው ሳይጠፉ አልቀሩም። በ2012 የወጣ ጥናትም ሻጋታው በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ስፍራ መገኘቱን ገለጸ።

የሚጠፋውን ለማወቅ ያለውን ማወቅ ይቀድማል። የዜኖፐስ ወገን የሆነች፥ ፔራካ የሚባል ኢጣልያዊ በ1898 ዜኖፐስ ክሊቪአይ ብሎ የሰየማት እንቁራሪት በእኛም ውሃዎች ትኖራለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጎጃም ልጅ ሊያውቃት የሚገባት ግን ለፕቶፔሊስ ያልደኒ ናት፤ የምትታወቀው ከጎጃም ደጋ ነውና። አያቶቻችን ጩኸቷን ከእኛ በፊት ሰምተዋል፤ ከሌሎቹ ለይቶ የጻፋት ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ማልኮም ላርገን ነው፤ ዓመቱም 1977 ነበረ። ስሟንም ለባልንጀራው ለእንስሳት ሊቁ ለዴሪክ ያልደን መታሰቢያ አደረገው። በዚህ ላርገንን አልወቅሰውም፤ ስም የሚያወጣ ጎንበስ ብሎ ያየ ነው። በ2021 ስለ ደጋችን የሣር እንቁራሪቶች በወጣ ጥናት አራት አዲስ ዝርያዎች ተሰየሙ፤ የአንደኛይቱም የሳይንስ ስም «ዶሮ» የሚለው የአማርኛ ቃል ነው። ከጥናቱ አምስት ጸሐፊዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው።