ዐመደ ጎርፍ

የወገል ጤናን የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓልን፣ ያቀፈው አለት በሥነ ምድር ስሙ ኢግኒምብራይት ይባላል። «ላቫ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ስሕተት ነው። ላቫ ቀልጦ የፈሰሰ አለት ነው፤ ኢግኒምብራይት ግን ከዐመድ የተሠራ ነው። ቃሉ ላቲን ሲሆን «እሳት» እና «ዝናብ» ተጋጥመውበታል። እሳተ ገሞራም ስሙን ያገኘው እሳትና ዲን ከዘነበባት ከገሞራ ከተማ ነውና ሁለቱ ስሞች በሐሳብ ይገናኛሉ። ይሁንና «ዝናብ» ነገሩን አይገልጸውም። ፍንዳታው ሲበረታ የጋለ ዐመድ፣ የድንጋይ ስብርባሪና ጋዝ ተደባልቀው መሬት ለመሬት እየተምዘገዘጉ ሸለቆውን ይሞላሉ፤ ሲረጉ ሙቀቱ ካልበረደ ብናኙ እርስ በርሱ ይበየዳል።

ወገል ጤና ባለችበት በደላንታ ገደል ጥቁሩ ባዛልት ከኢግኒምብራይት ጋር እየተፈራረቀ ከ3,000 ሜትር በላይ ተደርቧል፤ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ኦፓሉ በዋናነት የሚገኘው በአንዲት ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ንብርብሩን ያየ ሰው እንደ ጃፓኑ ፉጂ በአንድ አፍ ዙሪያ የተቆለለ ተራራ ሊመስለው ይችላል፤ አይደለም፣ ሰፊ አገር ያለበሰ ንጣፍ ነው።

ለኢግኒምብራይት የአማርኛ ስም ሲፈለግ፣ «ብይድ ዐመድ» እንዳይባል ሁሉም አይበየድም። «ዐመደ ጎርፍ» ይሻላል፤ አመጣጡን ይናገራል፣ የተበየደውንም ያልተበየደውንም ይይዛል፣ እንደ «እሳተ ገሞራ»ም በግእዝ ስልት የተናበበ ነው።